ያላለቀሰችው መንታ

መንታ የተወለደበት ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት ምንድን ነው? ለቅሶ ነዋ! አንዱ ሲያባራ ሌላው ይጀምራል። ጠያቂውም «ማሻአላህ፣ ቤቱ ሞላ» እያለ ይስቃል። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ለቅሶው ሳይሆን ስለ ዝምታው ልነግራችሁ ነው።

ለእኔና ለባለቤቴ አላህ (ሱ.ወ) መንታ የሰጠን በ2017 ዓ.ም. ጥር መግቢያ ላይ ነው፤ ወንድና ሴት። የምንኖረው መራዊ ከተማ ሲሆን የምተዳደረው በመምህርነት ነው። ቁርአንና ኪታብ በመድረሳ ቀርቻለሁ፣ ቀለሙንም በመንግሥት ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ይህን የማነሣው ለመኩራራት አይደለም። ሁለቱንም ትምህርት የቀመሰ ሰው በገዛ ቤቱ የሚሆነውን ሳያይ ዘጠኝ ቀን ሊያልፈው እንደሚችል ለመመስከር ነው።

ልጆቹ የተወለዱት ከቀናቸው አምስት ሳምንት ያህል ቀድመው ነበር። ወንዱ 2 ኪሎ ከ300 ግራም፣ ሴቷ 1 ኪሎ ከ750 ግራም መዘኑ። በሦስተኛው ቀን «ደህና ናቸው» ተብለን ከወለደችበት ጤና ተቋም ወጣን። መቼ ተመልሰው ይመዘኑ የሚል ቀጠሮ የሰጠን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ደስታችን ብዙ ነበርና ጥያቄ አልመጣልንም።

ወንዱ ገና ከመኪና ሳይወርድ መጮህ ጀመረ። ይጠባል፣ ይተኛል፣ ይነሣል፣ ይጮሃል። ሴቷ ግን እንደ ተጠቀለለች ትተኛለች። አማቴም፣ ሊጠይቁን የመጡ እናቶችም «ይህችማ ጨዋ ናት! እናቷን አታስቸግር!» እያሉ አመሰገኗት። ባለቤቴ ደክማለች፤ ወንዱን አጥብታ ስትጨርስ ዓይኗ ይከደናል። ማንም ሳያውጅ በቤታችን አንድ ሕግ ተደነገገ፤ ጡት የሚሰጠው ለጮኸ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ሊያስረዝሙ አስበው የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ፣ የእናቱን ጭንቀት በማሰብ ያሳጥሩት እንደ ነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ይህን ሐዲስ ለተማሪዎች ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! የማያለቅሰውንስ ሕፃን ማን ይሰማዋል ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

በሰባተኛው ቀን የዐቂቃ ነገር መጣ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ (ቲርሚዚ) መሠረት ለወንድ ልጅ ሁለት፣ ለሴት አንድ በግ ማረድ ሱና ነው። ለእኛ ሦስት በግ መሆኑ ነው። በእጄ የነበረው ገንዘብ ግን ከሁለት በግ አያልፍም። ከዘመድ አንዱ «ሁለቱ ለወንዱ ይታረዱና የሷ ሲገኝ ይደርሳል» አለ፤ ብዙዎቹም ተስማሙ። ልቤ አልረጋ ስላለኝ ካስቀሩኝ ሸኽ ዘንድ ሄድኩ። እርሳቸውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሐሰንና ለሑሰይን አንድ አንድ በግ ማረዳቸውን ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳወሩና ይህም በአቡ ዳውድ እንደ ተዘገበ፣ በነሳኢ ያለው ዘገባ ደግሞ ሁለት ሁለት እንደሚል አስረዱኝ። «አቅም ያጠረው ለወንዱም አንድ ቢያርድ ሱናውን አግኝቷል፤ እሷን ወደ ኋላ ማስቀረት ከየት የመጣ ነው?» አሉኝ። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ሐሰንና ሑሰይን መንታ ይመስሉታል፤ በአገራችንም መንታ ወንዶች ሲወለዱ ስማቸውን በዚሁ የሚያወጣ አይጠፋም። መንታ ግን አልነበሩም፤ ሐሰን በ3ኛው፣ ሑሰይን በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው የተወለዱት።

አንድ አንድ በግ አረድን። በበጎቹ ፍትሕ አደረግን ብዬ ያን ሌሊት በሰላም ተኛሁ። በጡቱ የምንሠራውን አላየሁም።

በዐሥረኛው ቀን የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጣች። ወንዱ እንደ ልማዱ ይጮሃል። እሷ ግን አልፋው ወደ ሴቷ ሄደችና «ይህችኛዋ ዛሬ ስንት ጊዜ ጠባች?» ብላ ጠየቀች። እርስ በርሳችን ተያየን። ባለቤቴ «ሦስት ይሆናል» አለች፤ አማቴ «አይ፣ አራት» አሉ፤ እኔ ዝም አልኩ። ልጅቷን ከጨርቋ ፈታ የእግሯን ውስጥ ነካ ነካ ብታደርጋት ፊቷን ቋጠር አድርጋ ተመልሳ ተኛች። እግሯም ቀዝቅዟል። በያዘችው ሚዛን ስትሰቅላት 1 ኪሎ ከ500 ግራም ሆነች። «መምህር፣ ጨዋ ሆና አይደለም ዝም ያለችው፤ የምታለቅስበት አቅም አጥታ ነው» አለችኝ። ይህን ቃል እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አልረሳውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ክብደት ይቀንሳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን የተወለደበትን ክብደት መልሶ መያዝ አለበት። ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ትንሽ ሕፃን ሙቀቱን የሚጠብቅበት ስብ የለውም፤ ለመጥባትም ቶሎ ይደክመዋል። ካልጠባ ኃይል ያጣል፣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይተኛል፤ ሲተኛ ደግሞ አይጠባም። ቤተሰብ ይህን ሰላማዊ እንቅልፍ ይለዋል። ብቻውን የተወለደ ሕፃን ቢሆን እናቱ ዝምታው ያስደነግጣት ነበር፤ መንታ ሲሆን ግን የአንዱ ጩኸት የሌላውን ዝምታ ይሸፍነዋል።

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። ክርስቲያን ሞንደንና የሩን ስሚትስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከሰሐራ በታች ያሉ 30 አገሮችን መረጃ መርምረው በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከ2009 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 መንታ ልጆች 213 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይተዋል። ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው! ብቻቸውን ከሚወለዱት ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። በአገራችን ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ ታውቋል፤ መንታም ሆነ ነጠላ ሳይለይ። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ እናምናለን። ሰበብ ማድረስ ግን በእኛ ላይ ነው።

ያኑ ዕለት ወደ ባሕር ዳር እንድንሄድ ተነገረን። ከመራዊ ባሕር ዳር ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ነገር ግን በክልላችን ግጭት ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ስላለ ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም። ያን ዕለት አልሐምዱሊላህ ክፍት ነበር። በጥድፊያው ላይ ሌላ ስሕተት ሠራን፤ ወንዱን ከአማቴ ጋር ትተነው ሄድን። ሐኪሞቹ በኋላ «ሁለቱንም ይዛችሁ መምጣት ነበረባችሁ፤ እናት ያለችበት ነው ልጅ የሚኖረው» ብለው ወቅሰውናል።

ሆስፒታል ስንደርስ ልጄን በማሞቂያ ሣጥን ያስገቧታል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ነርሷ ግን ከሽንት ጨርቋና ከቆቧ በቀር ልብሷን አውልቃ በእናቷ ጡቶች መካከል ቀጥ አድርጋ አስተኛቻትና ሁለቱን በነጠላ አሰረቻቸው። ይህ ካንጋሮ የሚባለው አያያዝ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያ ዋና ከተማ በሆነችው በቦጎታ፣ ማሞቂያ ሣጥን ለሕፃናቱ አልዳረስ ሲል ዶክተር ኤድጋር ሬይ የጀመሩት ነው። እኛም አገር ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ክብደታቸው ከ2 ኪሎ በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሞክረውት ውጤቱን በ2005 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ወዲያው በእናታቸው ገላ ላይ ከተደረጉት ከመቶ 22.5 ሲሞቱ፣ በተለመደው አያያዝ ከቆዩት ግን ከመቶ 38 ሞተዋል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ቀናቸው ሳይሞላ ወይም ከ2 ኪሎ ተኩል በታች ሆነው ለሚወለዱ ሁሉ ይህ አያያዝ ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ አዟል።

ባለቤቴ ሁለት ቀን እንዲህ ይዛት ስትደክም ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «አባትም ይችላል፤ ሸሚዝዎን ያውልቁ» አለችኝ። በሰው ፊት? ስግደረደር አይታ «መምህር፣ እዚህ ተማሪ የለም» ብላ ሳቀችብኝ። አወለቅሁ። ከላይ ጋቢ ደረብንና ያቺ አንድ ኪሎ ተኩል የሆነች ነፍስ ደረቴ ላይ ተለጠፈች። ልቧ እንደ ወፍ ልብ ይመታል። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ በቃሌ የያዝኩትን ሱረቱ መርየምን ቀስ ብዬ ቀራሁላት። ጨርሼ ስደግም እግሯ ሞቆ ነበር።

የሚጠባላትም ወተት አልጎደለም፤ ባለቤቴ በእጇ እያለበች በንጹሕ ሲኒ በየሁለት ሰዓቱ ትሰጣት ነበር። ሲኒውን ከታችኛው ከንፈሯ ብታስነኩት ድመት እንደሚልስ እየላሰች ትጠጣለች። በአምስተኛው ቀን 1 ኪሎ ከ560 ስትሆን ተመለስን።

እስከዚያው ወንዱን ማን አጠባው? ጎረቤታችን! ክርስቲያን ናት፤ የአራት ወር ሴት ልጅ አለቻት። የልጁን ጩኸት ሰምታ መጣችና አማቴን «ለእኔ ይስጡኝ፤ ጡቴ ለሁለት ይበቃል» አለቻቸው። በእርግዝናዋ ጊዜ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርጋ ነጻ መሆኗን አማቴ ያውቁ ነበር፤ ሌላ ሰው ልጅ ከማጥባት በፊት ይህ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው። አምስቱን ቀን ሙሉ አጠባችው። አላህ ወሮታዋን ይክፈላት!

እዚህ ላይ ወጣት አንባቢዎቼ ጆሯችሁን ስጡኝ። በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 23 መሠረት ጡት ያጠባች ሴት እናት ትሆናለች፤ ልጆቿም ለጋብቻ እርም ይሆናሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አምስት ጊዜ ለየብቻ ከጠባ፣ በሐነፊይና በማሊኪይ ደግሞ ጥቂትም ቢሆን ከጠባ ዝምድናው ይጸናል። አምስት ቀን የጠባ እንግዲህ በየትኛውም አያመልጥም። የአጥቢዋ ሃይማኖት መለየቱም ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ ያቺ ሕፃን ለልጄ እኅቱ ናት። መንታ እኅቱ ግን ከጎረቤታችን ስላልጠባች ዝምድናው እርሷን አይመለከትም፤ ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል። እኔም ቀኑን፣ የአጥቢዋንና የልጇን ስም ጽፌ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀመጥኩ፤ ለጎረቤታችንም ነገርናት። በትንሽ ከተማ አብረው አድገው ከሃያ ዓመት በኋላ ሽማግሌ ከተላከ ወዲያ «ለካ ጠብቷል» ቢባል ምን ይበጃል?

ቤት ስንመለስ ባለቤቴ «እኔ ነኝ የበደልኳት» እያለች ታለቅስ ጀመር። አልነበረም። የተፋቀች፣ ያልተኛች፣ ከሁለት ጡቷ ሁለት ነፍስ የምታኖር ሴት ቆጣሪ ልትሆን አትችልም። ቆጣሪ መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን ይሠሩ ነበር ተብለው ሲጠየቁ እናታችን ዓኢሻ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደ ነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ መመለሳቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። በእኛ አገር ግን አባት ወደ አራስ ክፍል የሚገባው እንደ እንግዳ ነው። ሕጉም ብዙ አይደግፈውም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ነው። ነጋዴውና ገበሬው ደግሞ እርሱም የለውም።

የትምህርት ቤት የስም መቆጣጠሪያ እንደሚሠመረው አድርጌ ደብተር አሠመርኩ። በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላው እሷ። የጠቡበት ሰዓት፣ ጨርቅ ያረጠቡበት ቁጥር፣ በየሳምንቱ ክብደት። ሦስት ሰዓት ሳይጠባ ያለፈ ልጅ ተኝቶም ቢሆን ይቀሰቀሳል፤ ልብሱ ይፈታል፣ እግሩ ይነካካል። በሃያ አራት ሰዓት ከስምንት ጊዜ ያነሰ መጥባት የለም። ቅድሚያ የሚሰጠው ለትንሿ ነው፤ ጉልበቷ ሳያልቅ። ባለቤቴም ከጊዜ በኋላ ሁለቱን በሁለት ብብቷ ሥር በትራስ ደግፋ አንድ ላይ ማጥባት ለመደች፤ ያኔ ሌሊቱ አጠረልን።

ምክር ሰጪ አልጠፋም። አንዷ ቅቤ አውጧት፣ ሌላዋ የላም ወተት በውኃ አቅጥናችሁ በጡጦ ስጧት አሉ። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ስድስት ወር እስኪሞላ ከእናት ወተት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልግም፤ ትንሽ ሕፃን በጡጦ በገባ ተቅማጥ ቶሎ ይሄዳል። ወተት እንዲበዛ የሚያደርገው መጥባቱና መታለቡ ነው። ለእናቲቱ ደግሞ ከወትሮው ሌላ በቀን ቢያንስ ሁለት ማዕድ ይጨመርላት፤ ለመንታ ከዚያም በላይ። የዳጉሳውም ገንፎ፣ አጥሚቱም፣ እንቁላሉም ለእርሷ ይሁን። የዐቂቃው ሥጋ አብዛኛው በጠያቂ ማለቁ አሁንም ያናድደኛል።

የ1446 ዓመተ ሂጅራ ረመዷን ሲገባ ልጆቹ ሰባት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ባለቤቴ ኒፋሷን ጨርሳ ስለነበር «ሰው ሁሉ ጾሞ እኔ ልብላ?» አለች። አላህ ለመንገደኛ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ጾምን እንዳቀለለ አነስ ኢብኑ ማሊክ አልከዕቢ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ሐዲስ አስታወስኳት። ቀዷውን ወደፊት ታወጣለች፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ለራሷ ሳይሆን ለልጇ ብቻ ፈርታ ከሆነ ለየቀኑ ሚስኪን ማብላት ይጨመርበታል። የደብተሩ ቁጥር ያን ወር አልወረደም። ሴቷ በረመዷን መጨረሻ 3 ኪሎን አለፈች።

በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ስለ ማጥባት የተነገረው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለሁለት ዓመቱ ነው። እዚያው ላይ ግን እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳ፣ ጡት ማስጣሉም በሁለቱ ወላጆች ፈቃድና ምክክር እንዲሆን ተደንግጓል። ምክክር! እኛ ያልነበረን እርሱ ነበር።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ለመጣች ድኻ ሦስት ተምር እንደ ሰጡ ሙስሊም ዘግበዋል። እናቲቱ ለልጆቿ አንድ አንድ ሰጥታ ሦስተኛዋን ወደ አፏ ስታነሣ ልጆቹ ጠየቋት፤ እርሷም ለሁለት ከፍላ ሰጠቻቸው። ድሮ ይህን ሳነብ የማየው የእናቲቱን ርኅራኄ ብቻ ነበር። አሁን እጇን አያለሁ፤ ተምሯን ከመሐል የከፈለችበትን እጅ።

የልጅን እድገት በተመለከተ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አልለፍ። ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ልጅ ፈገግታውም፣ አንገት መያዙም የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ነው፤ ክትባቱ ግን ከተወለደበት ቀን ተቆጥሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። አልጠባ ያለ፣ የቀዘቀዘ ወይም ያተኮሰው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ መዳፉ ቢጫ የሆነ፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ሕፃን ካያችሁ ግን ነገ አትበሉ።

ባለፈው ወር አንድ ሸማኔ ወንድማችን ከገጠር መጥቶ መስጊድ በር ላይ አገኘኝ። ሚስቱ መንታ ወልዳለታለች፤ ሁለቱም ሴቶች፣ አንደኛዋ ደቃቃ። ስለ ደብተሩ ሰምቶ ነበር። «እኔ ግን ፊደል አልቆጠርኩም» አለኝና አንገቱን ደፋ። ተቀምጠን መከርን። ሁለት ጣሳ እንዲያስቀምጥና ትልቋ በጠባች ቁጥር በአንዱ ባቄላ፣ ትንሿ በጠባች ቁጥር በሌላው ሽምብራ እንዲጥል ተስማማን፤ ማታ ማታ ይቆጥራል፣ ጠዋት ባዶውን ይጀምራል። በሳምንቱ ለገበያ ሲመጣ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ «መምህር፣ ትናንት ሽምብራው ባቄላውን በሁለት በለጠው» አለኝ።